የጾም ሾርባ ለትሕትና

የሺሃረግ ሾርባ ለመሥራት ጊዜ አይፈጅባትም፤ ለመጨነቅ ግን ቀኑ ሙሉ አይበቃትም። ጎረቤቶቿ እንዲህ እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሷም አትቆጣም፣ እውነት ነዋ። ዝናብ ሲዘገይ ትጨነቃለች፤ ሲመጣ ደግሞ የመሸጫዋ ሸራ አፈሰሰ አላፈሰሰ እያለች ትጨነቃለች። የደወለችለት ሰው ስልኩን ካላነሳ አንድ ነገር ሆኗል፤ ካነሳም ድምፁ ልክ አይደለም። እንዲህ ናት።

ሚዛን ተፈሪ ገበያ ውስጥ ኮረሪማ፣ እርድ፣ ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬ ትሸጣለች። አባቷ ከጉራጌ አገር መጥተው ቴፒ ቡና እርሻ ላይ ሲሠሩ ነው እሷ ያደገችው፤ ቅመም በእጇ አሽታ መለየትንም የለመደችው እዚያው ነው። ሚዛን ያመጣት ትዳር ነው። ባሏ በሕመም ሲሞትባት ዘመዶቿ ጓዟን ጠቅልላ ቴፒ ትመለሳለች ብለው ጠብቀው ነበር፤ እሷ ግን እዚያችው የኪራይ ቤቷ ቀረች። አልወለደችም። የግቢው ልጆች ግን እናቶቻቸው ሥራ ስለሚውሉ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቦርሳቸውን የሚወረውሩት እሷ በር ላይ ነው።

ልጆቹን ወደ እሷ በር የሚጎትታቸው ኢንዶሚዋ ነው። ይህን ምግብ ያሳየቻት ግቢው ውስጥ ተከራይታ የነበረች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ተማሪዋ ውሃ አፍልታ፣ ፓስታ መሰሉን ከትታ፣ ከውስጡ የሚወጣውን ዱቄት በትና ቆማ ስትበላ የሺሃረግ አይታ አዘነችላት። ይሄ ምግብ ሳይሆን ምግብ ለመሆን የተነሣ ነገር ነው አለቻት። በማግሥቱ ራሷ ገዛችና በራሷ መንገድ ሠራችው። ትንሽ ሽንኩርት በደቃቁ ትከትፋለች፤ ዘይት ጠብ አድርጋ ሳይቀላ ታለሳልሰዋለች። ቲማቲም፣ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ የጣት ጥፍር የምታህል ዝንጅብልና ለቀለም እርድ ትጨምራለች። ውሃው ሲንተከተክ ኢንዶሚውን ገና ፓኮው ሳይከፈት በመዳፏ ሰባብራ ትለቀዋለች፤ ረጅም ሆኖ ልጆቹ እየመጠጡ እንዳይጫወቱበት። መጨረሻ ላይ አንድ እንቁላል መትታ፣ በቀጭኑ እያፈሰሰች በሹካ ታማስለዋለች። እንቁላሉ ክር ክር ሲሠራ ምድጃውን ታጠፋለች። አለቀ። ልጆቹ እጃቸውን ታጥበው እስኪመጡ ሾርባው ሳህን ላይ ነው።

ከልጆቹ ሁሉ በዚያ ሾርባ ነፍሷ የቆመው ግን ትሕትና ነበረች፤ የግድግዳ ጎረቤቷ የየምሥራች ልጅ፣ የስድስት ዓመት ልጅ። የትሕትና ቶንሲል አብጦ አብጦ ጉሮሮዋን ሊዘጋው ደርሶ ነበር። እንጀራ አይወርድላትም፤ ቆጮማ ጭራሽ አይታሰብም። ስትተኛ ታንኮራፋለች፤ ማንኮራፋቱ አንዳንዴ በመሃል ጸጥ ይልና እንደገና እንደ ሰመጠ ሰው በድንጋጤ አየር ትስባለች። የምሥራች አጠገቧ ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ የሺሃረግም ከግድግዳው ወዲያ ሆና አብራ ትጠብቃለች። ሰፈሩ ያልመከረው ምክር የለም። አንዷ እንጥሏን የሚቆርጥ ሰው አለ፣ እጁ መድኃኒት ነው አለች። የምሥራች የዞን መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ እዚያው ሚዛን ተወልዳ ያደገች፣ ቆፍጠን ያለች ሴት ናት። ልጄን ለምላጭ አልሰጥም ብላ ቁርጡን ተናገረች። ጅማ ሪፈር ተጽፎላት ነበር፤ ጅማ ግን ወረፋው ረጅም ነው። ባሏ ይስሐቅ ማጂ ተመድቦ የሚያስተምር መምህር ስለሆነ ልጅ ይዞ የሚመላለስላትም የለም።

እንዲህ እያለች ሳለ ሐኪሞች ከአዲስ አበባ ለሕክምና ዘመቻ መጡ ተባለ። የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሞች ናቸው፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ለጥቂት ቀን ብቻ ይሠራሉ። የምሥራች ሮጣ አስመዘገበች። ትሕትና ታየች፤ ቶንሲሉ ይወጣል ተባለ። ቀኑ ማክሰኞ ሆነ፤ ማክሰኞ ደግሞ የመጨረሻው ቀን ነው። ረቡዕ ጠዋት ሐኪሞቹ ተመላሽ ናቸው።

ሰኞ አመሻሽ ላይ የምሥራች ከሆስፒታል መጥታ የየሺሃረግ በር ላይ ቆመች። አልገባችም፤ አንድ እግሯ ውጭ ነው፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። የደም ምርመራ ውጤት ለመቀበልና አልጋ ለማስያዝ ነገ በማለዳ ቀድማ መሄድ እንዳለባት፣ ልጅቷን በዚያ ብርድ ይዛት መቆም እንደማትፈልግ፣ ስለዚህ የሺሃረግ ፀሐይ ሞቅ ሲል በባጃጅ እንድታመጣላት ነገረቻት። የሺሃረግ ምን ልብስ ላልብሳት፣ ምን ልያዝ፣ በየትኛው በር ልግባ እያለች ጠየቀቻት። የምሥራች ሁሉንም መለሰችላት። ከዚያ ዞር ብላ ስትሄድ፣ እንደ ቀላል ነገር፣

«እትዬ የሺ፣ ደግሞ እንዳትረሺ፤ ነገ በጾም ነች» አለቻት።

«አልረሳም የኔ ልጅ፤ ሂጂ ተኚ» አለች የሺሃረግ።

ሌሊቱን ያቺን ቃል ስታገላብጣት አደረች። ማክሰኞ ጾም አይደለም። ፍልሰታም ገና ነው። ከዚያ ገባት፤ ወይም የገባት መሰላት። የምሥራች ጴንጤ ናት፤ እነሱ ደግሞ አንድ ችግር ሲገጥማቸው ጾም ጸሎት ያውጃሉ። ለልጅቷ ይዘውላት ነው ብላ አሰበችና ልቧ ተነካ። የእነሱ ጾም እስከ ማታ ምንም የማይቀመስበት መሆኑን ሰምታለች። ያ ግን ለትልልቆቹ ነው። ለስድስት ዓመት ልጅ፣ ያውም ለታመመች ልጅ፣ እንዲህ ያለ ጾም ማን ያዛል? እንቁላሉና ቅቤው ይቅርባት እንጂ። ደግሞ መርፌ በባዶ ሆድ አይወጋም፤ ይጥላል። ይህን የሺሃረግ ከእናቷ ሰምታዋለች፣ በራሷም አይታዋለች፤ አንድ ጊዜ ቁርስ ሳትበላ መርፌ ተወግታ ጤና ጣቢያው በር ላይ ወድቃለች።

ስለዚህ ጠዋት የምሥራች ከወጣች በኋላ ተጠንቅቃ ሾርባ ሠራች። በዚያ ምድጃ ላይ እንደዚያን ቀን ተጠንቅቃ አታውቅም። ማሰሮውን ቅቤ ነክቶት ይሆናል ብላ እንደገና በሳሙና አጠበችው። እንቁላሉን ከመደርደሪያው ላይ እያየችው አለፈችው። ከኢንዶሚው ውስጥ የሚወጣው ዱቄት ፓኮ ላይ የዶሮ ሥዕል አለበት፤ ሥዕሉን አይታ ፈራችና ዱቄቱን ወዲያ ጣለችው። በምትኩ ጨውና የኮረሪማ ፍሬ ድቁስ አደረገች። ቁንዶ በርበሬውን ጉሮሮዋን እንዳያቃጥላት ተወችው። ቀምሳ ስታየው የጎደለው ነገር አልነበረም።

ትሕትና ከእንቅልፏ ነቅታ ሽታው ሲደርሳት ራሷ መጥታ ተቀመጠች። ኢንዶሚው በደንብ በስሏል፤ ሳይታኘክ ይወርዳል። ያቺ ልጅ በልታ የማታውቀውን ያህል በላች። ሳህኑን አዘንብላ የቀረውን ጠጣች። የሺሃረግ ደስታዋን የምትነግረው ሰው አጥታ ለብቻዋ ፈገግ አለች። ለየምሥራች የምነግራት የምሥራች አገኘሁ ብላም በስሟ ቀለደች።

ሆስፒታሉ ደርሰው የምሥራችን ኮሪደሩ ውስጥ አገኟት። ወረቀት በእጇ፣ ስልክ በጆሮዋ፣ ዓይኗ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ነው። ልጇን ሳመቻት፤ የሺሃረግን እዚህች ወንበር ላይ ጠብቁኝ አለቻትና የአልጋ ቁጥር ልታስጽፍ ሮጠች። የሺሃረግ ወሬዋን ዋጥ አድርጋ ተቀመጠች።

አጠገቧ አንድ እናት ወንድ ልጅ አቅፋ ተቀምጣለች። ስሟ ሐፍሳ ነው፤ ባሏ በአማን ከተማ ገበያ ጨርቅ ይሸጣል። ልጇ ሱሀይብ የትሕትና እኩያ ነው፤ እሱም ለቶንሲል ነው የመጣው። ውሃ፣ ውሃ እያለ ይነጫነጫል። የሺሃረግ ሆዷ አልችል አለና ቦርሳዋን ከፍታ የያዘችውን ኮዳ አወጣች። ሐፍሳ እጇን ያዘቻት።

«ተይ እናቴ፣ ውሃም ክልክል ነው። ጾም ናቸው አይደል?»

የሺሃረግ ኮዳው በእጇ እንዳለ ቀረ። «ውሃ ደግሞ መቼ ነው ፍስክ የሆነው?» አለች።

ሐፍሳ ሳቀች። ሳቋ ደግ ነበር። «የናንተ ጾም ይለያል መሰለኝ። የሐኪም ጾም እንደኛ ነው፤ አፍ ዝግ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ይሄ ልጅ ጠብታ አልቀመሰም። አባቱን ሌሊት ተነሥቶ ሱሁር ይብላ ወይ ብዬ ብጠይቀው ተቆጣኝ እኮ።»

የሺሃረግ ኮዳውን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች። ለምንድን ነው የሚከለከለው ብላ ቀስ ብላ ጠየቀች፤ እንዲሁ ለማወቅ ያህል የጠየቀች አስመስላ። ሐፍሳም የቀዶ ሕክምናው ክፍል ሲስተር የነገረቻትን ነገረቻት። ልጁ በማደንዘዣ ሲተኛ ሆዱ ውስጥ ያለው ምግብ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ሳል የለም፣ መዋጥ የለም፤ ወደ ሳንባው ይገባል። በዚያ የሚሞት አለ፤ ስለዚህ ነው።

ትሕትና እግሯን እያወዛወዘች በኮሪደሩ የሚያልፈውን ሰው ታያለች። ፊቷ ወዝ አለው፤ ጠግባለች። የሺሃረግ ያንን ሆድ በዓይኗ አልፋ ማየት ፈለገች። አሁን ወርዶ ይሆን? ሾርባ ነው እኮ፤ ሾርባ ምግብ ነው እንዴ? ውሃው ይበዛል፣ ኢንዶሚው ጥቂት ነው። ውሸት፤ ኢንዶሚው ጥቂት አልነበረም፣ ሁለት ፓኮ ነው የሰበረችው፣ ትጥገብ ብላ። ደግሞ ዘይት ነበረው። ዘይት ሆድ ውስጥ ይቆያል፤ ይህንን ራሷም ታውቃለች።

ብትናገር ተራዋ ያልፋል። ነገ ሐኪሞቹ የሉም። ከዚያ ጅማ ነው፣ ከዚያም ያ ወረፋ፤ እስከዚያ ያቺ ልጅ በእንቅልፏ አንድ ቀን አየር ሳትስብ ብትቀርስ? ባትናገር ደግሞ ዛሬ፣ እዚያ በር ውስጥ። የሺሃረግ ዕድሜ ልኳን የተጨነቀችባቸው ነገሮች ሁሉ፣ ዝናቡም ሸራውም ያልተነሣው ስልክም፣ በዚህ ጊዜ ጥለዋት ሄዱ። አንድ ጭንቀት ብቻ ቀረ፤ እሱም ከሁሉም ይከብዳል።

የምሥራችን ልጥራት ብላ ተነሣች። ተመልሳ ተቀመጠች። ሁለተኛ ተነሣች። በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና የክፍሉ ነርስ ሲስተር ዮሃና ወጣች፤ አረንጓዴ ልብስ ለብሳለች፣ ማስኩን ወደ አገጯ ዝቅ አድርጋዋለች። «ትሕትና ይስሐቅ» ብላ ተጣራች። የምሥራች ከኮሪደሩ ጫፍ በሩጫ መጣች፤ ልጇን ከወንበሩ አነሣቻት።

«ምንም አልቀመሰችም አይደል? ውሃም ቢሆን?» አለች ሲስተር ዮሃና።

«ምንም» አለች የምሥራች፤ በሙሉ ልቧ።

ትሕትና በእናቷ ትከሻ ላይ ሆና የሺሃረግን አየቻት። ልጅ ናት፤ ግን የሆነ ነገር ገብቷታል። ዝም አለች። ለእትዬ የሺ ስትል ዝም ማለቷ ነበር፤ ያ ነው የሺሃረግን የሰበራት።

«በልታለች» አለች የሺሃረግ።

ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። የምሥራች ዞራ አየቻት፤ ገና አልገባትም።

«ምን በላች?» አለች ሲስተር ዮሃና።

«ሾርባ። ኢንዶሚ በሾርባ። ዛሬ ጠዋት፣ ከመምጣታችን በፊት።»

«ምን ያህል?»

«ጨርሳዋለች።» ከዚያ ደግሞ የሚያድናት ነገር ያለ ይመስል ቶሎ ብላ፣ «የጾም ነው ግን። እንቁላል የለበትም፤ ዱቄቱንም ዶሮ አለበት ብዬ አልጨመርኩትም» አለች።

ወንበሩ ላይ ከተቀመጡት አንዱ ሳቁ አመለጠውና ወዲያው ሳል አስመሰለው። ሲስተር ዮሃና አልሳቀችም። የየሺሃረግን ፊት ትንሽ ጊዜ አየች፤ እንኳን ነገሩኝ ብላ፣ ሐኪሙን ላናግር ብላ ገባች። ወዲያው ሌላ ነርስ ወጥታ በትሕትና ምትክ ሱሀይብን ጠራች። ሐፍሳ ልጇን አቅፋ ስትሄድ የየሺሃረግን ትከሻ ነካ አደረገቻት።

የምሥራች ልጇን አስቀመጠቻት። «እኔ በጾም ነች አላልኩሽም?» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው።

«ብለሽኛል።»

«ታዲያ?»

«እኔም በጾም ነው የሠራሁላት የምሥርዬ።»

የምሥራች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የሺሃረግ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር ብላ አሰበች፤ ስድብ መልስ አለው።

ሲስተር ዮሃና ተመልሳ የሐኪሙን ቃል ነገረቻቸው። ልጅቷ የቀኑ የመጨረሻ ትሆናለች፤ ያውም ጊዜ ከተረፈ ነው። ከአሁን በኋላ በአፏ ምንም አይግባ። የምሥራች ጊዜው ካልተረፈስ ብላ ጠየቀች። ሲስተሯ እሱን እግዚአብሔር ያውቃል፣ እኔ ቃል አልገባም አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን የሺሃረግ ካየቻቸው ቀኖች ሁሉ ረጅሙ ነው። በሩ ይከፈታል፣ አንድ ልጅ ይገባል፤ በሩ ይከፈታል፣ አንድ ልጅ በአልጋ ይወጣል። በሩ ሳይከፈት ሲቆይ የውስጡ ልጅ አንድ ነገር ሆኗል ትላለች፤ ቶሎ ሲከፈትም ደስታዋ ሳይቆይ ቀጥሎ የሚገባው ያስፈራታል። ትሕትና ሆዷ ሲጎድል ማልቀስ ጀመረች። ውሃ ጠየቀች። የሺሃረግ አልሰጣትም። ታሪክ አወራችላት፣ ጣቷን ቆጠረችላት፣ በመስኮቱ አሻግራ ባጃጅ አሳየቻት። ከማሻ የመጡ አንድ አስታማሚ አዛውንት ልጅቷ ስታለቅስ አሳዝናቸው ከኪሳቸው ብስኩት አውጥተው ዘረጉላት። የሺሃረግ ብስኩቱን ከልጅቷ እጅ ሳይደርስ በአየር ላይ ነጠቀችው። አዛውንቱ ደነገጡ። ይቅርታ አባቴ፣ ጾም ናት አለች፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ አፈረችና አስተካከለች። «ምንም አትቀምስም ማለቴ ነው። ምንም። ውሃም።»

የምሥራች ይህን ሁሉ እያየች ነው። ምሳ ሰዓት ላይ አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ለሁለቱም እንጀራ በሽሮ ይዛ መጣች፤ ልጅቷ እንዳታይ የሺሃረግን ውጭ ወጥታ እንድትበላ በእጇ ምልክት ሰጠቻት። የሺሃረግ አልበላም አለች። እሷ ስትበላ ልጅቷ ለብቻዋ ልትጾም ነው? ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እሷም አፏን ዘጋች፤ ውሃ እንኳን አልነካችም። ለማንም አልነገረችም።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። የሚዛን ዝናብ ሲመጣ መንገድ ጠይቆ አይመጣም፤ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ኮሪደሩ ውስጥ የሚነጋገር ሰው መደማመጥ አልቻለም። መብራት ጠፋ። የሺሃረግ በሩ ላይ የነበረችው ቀይ አምፑል ስትጠፋ አብራ የጠፋች መሰላት። አንድ ሰው ጀነሬተር ብሎ ጮኸ፤ ከጓሮ ሞተሩ ሲያጓራ ተሰማና አምፑሏ በራች። ሁሉም ሰው ተነፈሰ። ግን በዚያ መሃል ጊዜ ሄደ። ገና ሦስት ልጆች ከትሕትና ፊት አሉ።

የየምሥራች ስልክ ጠራ። ከማጂ ነው፣ ይስሐቅ። ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ዝናቡ ስለሚያስቸግር እየጮኸች ነው የምታወራው፤ የሺሃረግ ላለመስማት ብትፈልግም ሁሉን ሰማች። አልገባችም ገና፣ ቁርስ በልታ ስለነበር ተራዋ ተዛውሮ ነው አለች የምሥራች። ከዚያ አዳመጠች። ይስሐቅ ማን ነው ያበላት ብሎ እየጠየቀ መሆን አለበት። የሺሃረግ ትሕትናን ጠበቅ አድርጋ አቀፈቻት፤ ስሟ ሲጠራ ለመስማት ተዘጋጀች።

«ሲስተሯ ለኔ ምንም እንዳትቀምስ፣ ውሃም ቢሆን ነበር ያለችኝ» አለች የምሥራች። «እኔ አሳጥሬ ነገርኳት። በጾም ነች አልኳት፣ አለቀ። ለኦርቶዶክስ ሰው ጾም ምን እንደሆነ ጠፍቶኝ ነው? አብሬያት አይደል የምኖረው። ተቻኩዬ ነው።»

ስልኩን ዘግታ ስትመለስ ትሕትና በየሺሃረግ ጭን ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ ያ ማንኮራፋቷ ከዝናቡ በላይ ይሰማል። የምሥራች ሹራቧን አውልቃ ልጅቷን አለበሰቻትና አጠገባቸው ተቀመጠች። ሁለቱም በሩን ማየት ቀጠሉ።

ዝናቡ አባርቶ ጓሮው ላይ ጭጋግ ሲወርድ ሲስተር ዮሃና ወጣች። ቆቧን አውልቃ በእጇ ይዛለች። የሺሃረግ ቆቡን አየችና አለቀ ብላ አሰበች፤ የምሥራችም እንደዚያ ሳታስብ አልቀረችም፤ ክንዷን ጨብጣ ያዘቻት። ሲስተር ዮሃና ግን ፀጉሯን አስተካክላ ቆቡን መልሳ አጠለቀች።

«ዶክተሩ ደክሞታል፤ ግን ልጅቷን አምጧት ብሏል» አለች። ከዚያ የምሥራችን አልፋ ወደ የሺሃረግ ዞረች። «እናቴ፣ እርስዎን ልጠይቅ። ከዚያ ወዲህ የቀመሰችው ነገር አለ?»

«የለም። ብስኩት በእጄ ነጥቄአለሁ፤ እዚያ ያሉትን አባት ጠይቂያቸው።»

«አምንዎታለሁ» አለች ሲስተሯ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ልጅቷን እንደተኛች ተቀበለቻትና በሩ ተዘጋ።

አሁን የሚደረግ ነገር የለም። የምሥራች ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ጸለየች። የሺሃረግም ወደ ምሥራቅ ዞራ በልቧ ማርያምን ጠራች። የአንዷ ጸሎት ከሌላዋ ጋር እንዳይጋጭ የምትጨነቅ ይመስል ድምፅዋን ዋጥ አድርጋ ነበር። አንድ ጊዜ ከውስጥ ዕቃ ሲወድቅ ተሰማ፤ ሁለቱም አንድ ላይ ተነሥተው አንድ ላይ ተቀመጡ።

ልጅቷ በአልጋ ስትወጣ ፊቷ ገርጥቷል፤ ከንፈሯ ጫፍ ላይ የደረቀ ደም አለ። ተሳክቷል፣ ትተኛ ተባሉ። ወደ ክፍሉ ወስደው አስተኟት። የሺሃረግ አጎንብሳ አዳመጠች። ምንም አይሰማም። ጆሮዋን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፤ አሁንም ያ የለመደችው ድምፅ የለም። ሲስተሯን ልትጠራ ሮጠች። ሲስተር ዮሃና መጥታ የልጅቷን ደረት አየች፣ ጣቷ ላይ የታሰረውን መሣሪያ አየች፤ ትተነፍሳለች፣ ደህና ናት፣ ጤነኛ ልጅ ስትተኛ እንዲህ ነው አለቻት። የሺሃረግ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ መዳፏን ደረቷ ላይ አስቀምጣ ብዙ ቆየች። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል።

የምሥራች ከአልጋው ማዶ ሆና አየቻት። ፊቷ ደክሟል፤ ቁጣው ግን ሄዷል።

«እትዬ የሺ፣ ነገ ምን እንደምትበላ አልጠየቅንም» አለች። «ሂጂ አንቺ ጠይቂያት። በራስሽ ጆሮ ስሚ፤ እኔ ነግሬሽ ደግሞ ሌላ ነገር እንዳንሠራ።»

የሺሃረግ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ሲስተር ዮሃና ልብሷን ቀይራ በኮሪደሩ ልትወጣ ነበር። ቆማ መለሰችላት። ሲነጋ ቀዝቃዛ ፈሳሽ፣ ከዚያ ለስለስ ያለ ሾርባ ሊሆን ይችላል፣ ትኩስ ግን አይሁን አለቻት።

«ቀዝቃዛ ስትዪ የኔ እመቤት፣ ከፍሪጅ የወጣ ነው ወይስ የበረደ?»

«የበረደ ይሁን።»

«ለስለስ ያለ ስትዪ ቅመም የሌለው ማለት ነው ወይስ የማይታኘክ?»

«ሁለቱም።»

«እንቁላል?»

ሲስተር ዮሃና ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች፤ ቶሎ እንደማትሄድ ገብቷታል። የሺሃረግም አጠገቧ ተቀመጠች፤ እያንዳንዷን ቃል ምን ማለት እንደሆነች እስክታውቅ ድረስ አልለቀቀቻትም።